ከአውድማ እስከ አፍንጮ በር፦ የገጠር መሬትና የከተማ ባለርስት ኑሮ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በንግድ ምክንያት የተሰበሰበ ሕዝብ ከተማ አልነበረችም፤ የንጉሥ ሰፈር ነበረች። ቤተ መንግሥቱ በመካከል ቆሞ፣ በዙሪያው ኮረብታ ኮረብታውን እየያዙ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያን ጊዜ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደራ፣ በአራዳና በስድስት ኪሎ መካከል ያሉት አፍንጮ በርና ጎረቤቶቹ ደግሞ በየግቢያቸው ታጥረው ይኖሩ ነበር።

እነዚህን ግቢዎች ለሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ በውስጣቸው የሚኖረው ሰው ምን ይበላ ነበር የሚለው ነው። የግቢው ጌታ አያርስም፤ አይነግድም፤ የወር ደመወዝ የሚባለውም ነገር ገና አልተለመደም። ሎሌው፣ ጋሻ ጃግሬው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ የንስሐ አባቱ ሁሉ ግን በየቀኑ ይበላሉ። እህሉ የሚመጣው ባለቤቱ አልፎ አልፎ ብቻ ከሚያየው፣ አንዳንዱም ከቶ ካላየው የገጠር መሬት ነበር። በዚህ ዓይነት ገቢ በከተማ መኖር ከከተማዋ መቆርቆር አንሥቶ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ለ88 ዓመታት የቆየ መተዳደሪያ ነው። ስለ ሥርዓቱ በደል ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። እንደ መተዳደሪያ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ፣ ገቢው በማን እጅ አልፎ ይደርስ እንደ ነበረ፣ በመንገድ ላይም ምን ይቀር እንደ ነበረ መመርመር ግን በመለካት፣ በመገመትና በመመዝገብ ሙያ ለሚኖር ሰው የተለየ ትርጉም አለው።

ቋንቋው ራሱ ነገሩን ሳይደብቅ ይናገራል። የጥንቱ ሹም «አገር በላ» ይባል ነበር፤ ባለ ጉልቱም ጉልቱን «ይበላል»። «ግብር» የሚለው ቃል ገበሬው ለጌታው የሚያገባውንም፣ ጌታው በአዳራሹ ለሠራዊቱ የሚያበላውንም በአንድነት ይጠራል። ይህ የቃል ድህነት አይደለም። ያው እህል በበሩ ሲገባ ግብር ነው፤ በመሶብ ሲቀርብም ግብር ነው።

መሬቱ የተገኘበት መንገድ እንደ አገሩ ይለያያል። በመንዝ፣ በቡልጋ፣ በጎጃምና በበጌምድር ርስት የአባትና የእናት ዘር ተቆጥሮ የሚገኝ መብት ነበር። ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ወታደር ወይም ደብተራ የሆነ ሰው ርስቱን አይለቅም፤ ለወንድሙ ወይም ለአጎቱ ልጅ ትቶ በየዓመቱ ድርሻውን ይጠብቃል። ጥቂት ቁና ጤፍ፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ ለፋሲካ አንድ ሙክት ይመጣለታል። በዚህ ዓይነት የሚኖር ሰው ስለ ገቢ አያወራም፤ ስለ ዘመድ ነው የሚያወራው። ብዙ ዓመት ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ ግን ድርሻው ከዘመድ አፍ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ሙግት ነው።

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የምኒልክ ሠራዊት በደረሰበት በደቡብና በምዕራብ አገር ነገሩ ሌላ ነበር። መሬቱ በቀላድ ተለካ። በብዙ ቦታ ሲሶው ለአገሬው ባላባት ቀረለት፤ የተረፈው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሹምና ለወታደር ተከፋፈለ። በላዩ የሚኖረው ገበሬ በመጀመሪያ ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ተባለ። ቀላዱ 133 ክንድ የሚረዝም ገመድ ሲሆን፣ በቀላድ ወርድና ቁመት ተቆጥሮ የሚሰጠው መሬት ጋሻ ይባላል። ጋሻ በለም አገር ጠበብ፣ በጠፍ አገር ሰፋ ይላል፤ በኋላ ዘመን ለሂሳብ እንዲመች 40 ሄክታር ያህል ተደርጎ ተያዘ። ለዛሬ ቀያሽ ይህ ልክ የሌለው ልክ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የጥንቱ ቀላድ ጣይ የሚለካው ስፋትን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ሊያበላ የሚችለውን አፍ ጭምር ይለካ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» ውስጥ የመዘገቧቸው የመሬት ስሞች ብዛት፣ ርስት፣ ጉልት፣ ርስተ ጉልት፣ ሰሞን፣ ማደሪያና ሌላውም፣ ስንት ዓይነት አፍ በአንድ ማሳ ላይ ተስፋ ያደርግ እንደ ነበረ ያሳያል።

እህሉ ወደ ከተማ የሚገባው ከውቂያ በኋላ መንገዱ ደርቆ ሳለ ነው። ጭነቱ በአህያና በአጋሰስ ይመጣል። ገባሩ ማረስና ማካፈል ብቻ ሳይሆን የጌታውን ድርሻ እስከ ጌታው ቤት ማድረስም ግዴታው ስለ ነበረ፣ የማጓጓዣ ወጪ በባለመሬቱ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ከአድአ የሚነሣ ጤፍ በሁለት ቀን ጉዞ ይደርሳል። ከከፋ ወይም ከኢሉባቦር እህል ማስመጣት ግን ዘበት ነው፤ አጋሰሱና ነጂው በመንገድ ይበሉታል። ስለዚህ ሩቅ አገር መሬት ያለው ሰው እህሉን እዚያው አሽጦ ብር ያስመጣል፤ አለዚያም ክብደቱ ያነሰ፣ ዋጋው የበዛ ነገር፣ ማር፣ ሰም፣ ቡና ያስጭናል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ መውጫ ስላገኘ፣ የሩቁ መሬት በከተማው ጌቶች ዓይን እየቀረበ ሄደ።

የዚህ መተዳደሪያ ቁልፍ ግን መሬቱም እህሉም አይደለም፤ በመካከል ያለው ሰው ነው። ባለመሬቱ በአዲስ አበባ፣ ጭሰኛው የአምስት ወይም የአሥር ቀን መንገድ ርቆ ይኖራሉ። አዝመራው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቀው ጭሰኛው ነው፤ ማወቅ የሚፈልገው ባለመሬቱ ነው። ስለዚህ ወኪል ይቆማል። እንደ ዘመኑና እንደ አገሩ ምስለኔ፣ መልከኛ ወይም ጭቃ ሹም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም የጌታው አሮጌ ሎሌ ወይም የሚስቱ ወንድም ነው።

ወኪሉ በእሸት ጊዜ ማሳውን ዞሮ ያያል፤ ሳይታጨድ ያስገምታል፤ ነዶው ሲከመር ይቆጥራል፤ በአውድማ ላይ ቁናውን በእጁ ይይዛል። በእነዚህ በአራቱ ቦታዎች ሁሉ ለመደራደር ጊዜ አለ። ግምቱ ከፍ ቢል ጭሰኛው ለዘር የሚያስቀረው ያጣል፤ ዝቅ ቢል የባለመሬቱ ጎተራ ይጎድላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የወኪሉ ነው። በጉ፣ ማሩ፣ ጌሾው፣ የማገዶው ሸክም፣ ለዓመት በዓል እጅ መንሻ የሚባለው ሁሉ የሚፈስሰው ወደዚህ ልዩነት ነበር። ቁናውም ቢሆን አንድ አይደለም፤ ተቆልሎ የሚሰፈር አለ፣ አፉ ተጠርጎ የሚሰፈር አለ። ወኪሉ ከጭሰኛው ሲቀበል ቆልሎ፣ ለጌታው ሲያስረክብ ጠርጎ ቢሰፍር ማን ያየዋል?

እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ የሚለው ውል እንግዲህ ግልጽ ቢመስልም፣ ከተማ የሚደርሰው ከውሉ ያነሰ፣ ከጭሰኛው የሚወጣው ደግሞ ከውሉ የበዛ ሊሆን ይችል ነበር። ጭሰኛው እኩል ሊከፍል ተዋውሎ ከእኩል በላይ ይከፍላል፤ ባለመሬቱ እኩል ሊቀበል ተዋውሎ ከእኩል በታች ይቀበላል። የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት በዚህ ላይ ነው፤ ርቀት ራሱ ግብር ይበላ ነበር። ይህን ማለት የሁለቱን ወገን ችግር ማስተካከል አይደለም። በዚያ ልዩነት ምክንያት አንደኛው ጾሙን ያድራል፤ የሌላኛው ጠጅ ይቀጥናል።

ጠንቃቃ ባለመሬት በአዝመራ ወራት ራሱ ይወርዳል ወይም ልጁን ይልካል። ብዙው ግን አይወርድም። በቤተ መንግሥት ደጅ መጥናት ነበረበት፤ ደጅ ካልጠና ሹመቱን፣ ሹመቱን ካጣ መሬቱን የሚያጣበት ዘመን ነበርና። መሬቱን ለመያዝ ከመሬቱ መራቅ ግድ ሆነ፤ ከመሬቱ መራቅም የመሬቱን ፍሬ ያሳጣ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሰሉ ጸሓፊዎች ገና በ1900ዎቹ ዓመታት የገበሬው ድካም ለማን እንደሚቀር መጠየቃቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥት ራሱ በዚህ ልዩነት ውስጥ ገባ። በዓይነትና በጉልበት ይገባ የነበረው ግብር በገንዘብ እንዲሆን ተደነገገ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት በተለካ አገር ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር በአሥራት ፈንታ፣ በድምሩ 50 ብር ይከፈላል፤ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ነበር። ለአንዳንድ ጠቅላይ ግዛቶች የተለየ ልክ ተደርጓል። በአዋጁ የተጻፈው ሂሳብ ቀላል ነው፤ በአውድማ ላይ የሚሠራው ግን ሌላ ሂሳብ ነበር። ባለመሬቱ አሥራቱን ወደ ጭሰኛው ያዞረዋል፤ ከአዝመራው አንድ አሥረኛው በዓይነት ይነሣና ከዚያ በኋላ የቀረው እኩል ወይም ሲሶ ይከፈላል። ባለመሬቱ ግን ለመንግሥት የሚከፍለው ያንኑ የተወሰነ ብር ነው። የእህል ዋጋ በጨመረ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ትርፍ የእርሱ ሆነ። መሬቱ በአውድማ ላይ ለም፣ በመዝገብ ላይ ጠፍ ከሆነለትማ ትርፉ እጥፍ ነው፤ ባለሥልጣን በሆነ ሰው መሬት ላይ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም።

አዋጁ ያመጣው ሌላ ነገር ደረሰኝ ነው። ካርታ በሌለበት፣ ወሰኑም በወንዝ፣ በዋርካና በአሮጌ ሰው ቃል በሚታወቅበት አገር፣ የግብር ደረሰኝ የባለቤትነት ማስረጃ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለ15 ተከታታይ ዓመታት በአንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት እንደሚሆን ደነገገ። ይህ አንቀጽ በአፍንጮ በር ለሚኖር ባለመሬት ምን ማለት እንደ ሆነ ማሰብ አያዳግትም። በቦታው የሚገኘውና ወደ ግምጃ ቤት የሚሄደው ወኪሉ ነው። ደረሰኙ በማን ስም እንደ ተቆረጠ ያልተከታተለ ባለመሬት፣ ከ15 ዓመት በኋላ ከገዛ ወኪሉ ጋር ችሎት ሊቆም ይችላል። በከተማው ግቢ ሳጥን ውስጥ የደረሰኙ ጥቅል ከወርቁ በላይ መጠበቁ ስለዚህ ነው። ያው ሕግ የእርሻ መሬት ኪራይ ከአዝመራው እስከ ሦስት ሩብ እንዲደርስ መፍቀዱም መታወስ አለበት፤ ሕግ አውጭው ጣሪያ ሠራሁ ብሎ ነበር፣ ጣሪያው ግን ከጭሰኛው ራስ እጅግ ከፍ ያለ ነበር።

በዚሁ ዘመን የባለመሬቱ ዓይነትም ተለወጠ። ለአርበኛ፣ ለስደተኛ፣ ለወታደርና ለመንግሥት ሠራተኛ ከመንግሥት መሬት ርስት ይሰጥ ጀመር። ባለ ጉልበቱ ለሙን መርጦ አስለካ፤ ታናሹ የመሬት ትእዛዝ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ከአውራጃ አውራጃ ተንከራተተ፤ መሬቱን ሳያየው ወረቀቱን የሸጠም ነበረ። ስለዚህ በገጠር መሬት የሚኖሩት የከተማ ሰዎች ሁሉ ራስና ደጃዝማች አልነበሩም። በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ ባሏ በማይጨው ዘመቻ የቀረባት ባልቴት፣ ጡረታ የወጣ የመቶ አለቃ፣ በሞግዚት የሚተዳደር የሙት ልጅ፣ የሰሞን መሬት ያለው የደብር አገልጋይም ይኖሩ ነበር። አንድ ጋሻ ወይም ግማሽ ጋሻ፣ ከእርሷም የሚመጣ ጥቂት ኩንታል የዓመት ቀለባቸው ነው። ታላቁ ጌታ ወኪሉ ቢሰርቀው ሌላ አሥር መሬት አለው፤ ባልቴቲቱ ግን በአንድ ወኪል እጅ ናት። ለጭሰኛው ባለመሬት ሁሉ አንድ ነው፤ ባለመሬቶቹ በራሳቸው መካከል ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የገጠሩ ገቢ እርግጠኛ ባለመሆኑ የከተማው ባለርስት ሁለተኛ እግር አበጀ፤ ይኸውም የቤት ኪራይ ነው። በአዲስ አበባ ቦታ በግል እንዲያዝና ለወራሽ እንዲተላለፍ፣ እንዲሸጥም የፈቀደው ደንብ በምኒልክ ዘመን፣ በ1907 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በሰፈር ስም የተሰጠው ሰፊ ግቢ ንብረት ሆነ። ሎሌው የሰፈረበት ጎጆ ቀስ በቀስ የተከራይ ቤት ሆነ። ጣልያኖች የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ ሲያዛውሩና የአራዳን እምብርት ፒያሳ ሲሉት የቦታው ዋጋ አልወደቀም፤ ከ1934 ዓ.ም. በኋላ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ሱቆች ሲበዙ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣው ሰው መጠለያ ፈለገ። በግቢው አጥር ዙሪያ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ በቆርቆሮ የተከደኑ፣ አንድ በር አንድ መስኮት ያላቸው ክፍሎች ተደረደሩ። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ውኃውም አንድ ቧንቧ ቢኖር ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ ባለግቢው ባዶ ቦታውን ብቻ አከራይቶ ቤቱን ተከራዩ ራሱ ይሠራ ነበር።

የሁለቱን ገቢ ባሕርይ ማነጻጸር ይገባል። የገጠሩ ገቢ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ከፈቀደ፣ ወኪሉ ከታመነ ይመጣል። የከተማው ኪራይ በየወሩ ይገባል፤ ወኪል አያስፈልገውም፤ ተከራዩ ከባለቤቱ እልፍኝ አሥር እርምጃ ላይ ስለሚኖር ሲያስል እንኳ ይሰማል። በመሆኑም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ከገጠር የተገኘው ትርፍ ወደ ገጠር አልተመለሰም። የእርሻ መሣሪያ ወይም ቦይ ወይም የተሻለ ዘር አልሆነም፤ ብዙው በአዲስ አበባ ጭቃና ብሎኬት ሆነ። ጭሰኛው ያረሰው ጤፍ የከተማ ተከራይ ግድግዳ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለመሬቱ ይህን ያደረገው በክፋት አልነበረም፤ በማያየው መሬት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ለወኪሉ መስጠት መስሎ ስለ ታየው ነው።

በአርሲ የጭላሎ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነገሩ ተገለበጠ። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ምርቱን ሲጨምር መሬቱ ለባለቤቱ ዓይን አዲስ ሆነ። አንዳንዱ ኪራይ ጨመረ፤ አንዳንዱ ትራክተር አስገብቶ ራሱ ወይም በተኮናታሪ ያርስ ጀመር፤ ትውልድ የኖረበት ጭሰኛም ከመሬቱ ተነሣ። እስከዚያ ድረስ የሩቁ ባለመሬት መራቅ ለጭሰኛው አንድ ምሕረት ነበረው፤ ሩቅ ያለ ሰው አያፈናቅልም። ባለመሬቱ በትራክተር ሲቀርብ ያ ምሕረት አለቀ።

በ1958 ዓ.ም. የጉልት መብት በአዋጅ ተሠረዘ፤ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴርም ተቋቋመ። የሚኒስቴሩ ጥናቶች በሸዋ ከባለመሬቶቹ ሲሶ ያህሉ በመሬታቸው ላይ የማይኖሩ መሆናቸውን አሳዩ፤ በኢሉባቦር ከዚያም ይበልጥ ነበር። የጭሰኛን ውል የሚያሻሽል ረቂቅ ለፓርላማ ቀረበ፤ የፓርላማው አባላት አብዛኞቹ ባለመሬቶች ነበሩና ረቂቁ ሳይጸድቅ ዓመታት አለፉ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ሕግም በጎጃም አመፅ አስነሣ፤ ባለርስቱ ገበሬ ግብሩን የፈራው ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፣ መሬቱ ይለካል ብሎ ነው። ቀላድ በርስት አገር ምን ትዝታ እንዳለው ለቀያሽ መንገር አያስፈልግም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ዩኒቨርሲቲው በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ ለአፍንጮ በር ቅርብ ነበር። ከሰልፈኞቹ መካከል የባለመሬት ልጆች ነበሩ፤ የተማሩትም የወላጆቻቸው ጭሰኛ ባረሰው እህል ነው።

የሩቅ ባለመሬት ጉዳይ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በአየርላንድ መሬት ኖሯቸው በለንደን የሚኖሩ ጌቶችና በመካከል የቆሙት ወኪሎቻቸው ለረጅም ዘመን የጠብ ምንጭ ነበሩ። በ1903 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ መንግሥት ለጭሰኛው ብድር ሰጥቶ መሬቱን እንዲገዛ አደረገ፤ ብድሩም ከ68 ዓመት በላይ የሚከፈል ነበር። ጃፓን በ1946 እ.ኤ.አ. በመሬቱ ላይ የማይኖረውን ባለመሬት በሰፈሩ ከሚኖረው ለይታ፣ የመጀመሪያውን መሬት በሙሉ በግዴታ ገዛች፤ ለሁለተኛው በአማካይ አንድ ሄክታር ያህል ተወችለት። ዋጋው የተከፈለው በአብዛኛው በቦንድ ስለ ነበረ የዋጋ ንረት በላው። ከሁለቱ አገሮች የሚለየው የኢትዮጵያ ሕግ ፍጥነት ነው። እዚያ ዓመታት የፈጀው እዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ አለቀ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ። ለመሬቱ ካሣ አልታሰበም፤ ለሚንቀሳቀስ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተሠራ ቋሚ ሥራ ብቻ ተገቢ ካሣ እንደሚከፈል ተጻፈ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ተሻረ። በቅጥር ማሳረስም ተከለከለ፤ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላት ሴት፣ በሕመም ወይም በእርጅና ማረስ የማይችል ሰው፣ ወላጆቹን ያጣ ሕፃን ብቻ ተለይተው ተፈቀደላቸው። ይህ ልዩነት የገጠሯን ባልቴት አስታውሷል። በአፍንጮ በር የምትኖረውን ግን ሊረዳት አልቻለም፤ መሬት የሚሰጠው ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ነውና።

ሐምሌ 19 ቀን በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያ የሚሆን ቦታም እስከ 500 ካሬ ሜትር ተፈቀደ። የኪራዩ መጠን እስከ 300 ብር የሆነ ቤት ሁሉ እንደ ደረጃው ከ15 እስከ 50 በመቶ ኪራይ ተቀነሰለት። እስከ 100 ብር የሚከራየው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ከየካቲት 25 እስከ ሐምሌ 19 ያለው ጊዜ 144 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የከተማው ባለርስት ሁለት እግሮች ተቆረጡ፤ አንደኛው ሲታመም በሌላው ለመቆም ታስበው የተሠሩት እግሮች በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ አብረው ሄዱ።

ሕግ አውጭው ይህን ፈጽሞ አልዘነጋም። በቤት ኪራይ ብቻ ይተዳደር የነበረና ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ሌላ መተዳደሪያ እስኪያገኝ ድረስ በወር ከ250 ብር የማይበልጥ ድጎማ እንዲሰጠው አዋጁ ፈቀደ። ይህን አንቀጽ የሚያነብ ሰው ከጭካኔ ይልቅ እርግጠኛ አለመሆንን ያያል። ኪራይ መብላት መተዳደሪያ መሆኑን አዋጁ በአንድ እጁ ሲሽረው በሌላ እጁ አመነ። ለ88 ዓመት ጌታ ይባል ከነበረው መካከል ስንቱ ጌታ፣ ስንቱ ድኻ እንደ ነበረ ለመለየት የተሞከረው በዚህ በ250 ብር ጣሪያ ነው።

የቀበሌ ቤት የተባለው ከዚያ ወዲህ የራሱን ታሪክ ያዘ። የተቀነሰው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ስለ ቆየ ለቆርቆሮ መጠገኛ እንኳ አይበቃም ነበር፤ ቤቱ አረጀ፣ ተከራዩ ግን አልተነሣም። ከዚያ በላይ ርካሽ መኖሪያ በከተማው መካከል የት ይገኛል? ልጆች በወላጆቻቸው የኪራይ ደብተር ወርሰው ኖሩ ማለት ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳና የአካባቢው አሮጌ መንደር ሰፊ ክፍል ሲፈርስ፣ ከፈረሱት መካከል እነዚህ በአጥር ዙሪያ ተደርድረው የነበሩ የጭቃ ክፍሎች ይገኙበታል። ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

በገጠርም መሬትን ለሌላ አስርሶ መኖር ፈጽሞ አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ግን አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያከራይ ፈቀደ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር ታደለ። ዛሬ በጎጃም ወይም በወሎ አንድ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ያላት፣ በሬ የሌላት ሴት ማሳዋን በእኩል ለጎረቤት ትሰጣለች። ውሉ ያው የጥንቱ እኩል ነው፤ ገማችና ወኪል ግን የለበትም። ነዶው ሲከመር ራሷ ቆማ ትቆጥራለች፤ ቁናውን በአውድማው ላይ ታያለች፤ ድርሻዋም በዚያው መንደር ወደሚገኘው ጎተራዋ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ይህንኑ የመጠቀም መብት ለብድር መያዣ ማድረግ እንዲቻል ፈቅዷል።